በሰም የታሸገ አውራ ጣት

ይህን የምጽፈው ጎረቤት እንዳይፈርድብኝ ብዬ አይደለም፤ ጎረቤት ፈርዶ ጨርሷል። የምጽፈው ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቼ ስለተቀመጥኩ ነው። እርሳሱን የያዝኩት በሌባ ጣቴና በመሃል ጣቴ መካከል ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ምክንያቱን መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ። መጻፍስ ሥራ ነው ወይ ብዬ ቢሮውን አስጠይቄ ነበር። «የሚያነበው ሰው ካለ እናስብበታለን» ብለውኛል።

የከተማችንን ስም አልጠራም። የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋት ብዙ አልቀረባችሁም። ዝናብ የሚበዛባት፣ ቆርቆሮም የሚበዛባት ከተማ ናት። እኔ ሽበሺ እባላለሁ፤ ጣራ ሠሪ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አምስተኛ ክፍል ጣራው ስላፈሰሰ በዚያ ዓመት አልተከፈተም፤ ጣራውን የሚሠራው ደግሞ አባቴ ስለነበር ነገሩን ብዙ አላነሣንም።

በእኛ ከተማ ጣራ ሲያፈስ ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው። ሴትየዋ ጠብታው በሚወርድበት ቦታ ሳፋ ታስቀምጣለች። ጣራ ሠሪው ይመጣል፤ ሳፋውን ያያል፤ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል፤ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ይወጣና ልክ ከሳፋው በላይ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ በካትራሜ ይለጥፋል። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ያፈሳል፤ እንደገና ይለጠፋል። ልጣፍ እንለዋለን። ልጣፍ በእኛ ዘንድ ክብር ነው። ለጋብቻ የሚላኩ ሽማግሌዎች እንኳ ከደጅ ቆመው መጀመሪያ የሚቆጥሩት የልጅቱን ቤት ልጣፍ ነው፤ ሃያ ልጣፍ ያለበት ቤት ሃያ ክረምት የከረመ፣ ጣራ ሠሪ የማይለየው፣ ባለ ደረጃ ቤት ነው። አንድም ልጣፍ የሌለበት ጣራ ያለው ሰው፣ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል።

ከከተማው ዳር የጠብታ ትምህርት ቤት አለ። ውሃ የት ገብቶ የት እንደሚወርድ አራት ዓመት ያስተምራል። የከተማው ሰው አይገባበትም፤ ውሃ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ለማወቅ አራት ዓመት ምን ያደርጋል ብለን ነው። የሚማሩበት ከሐይቁ ማዶ የሚመጡ እንግዶች ናቸው።

እንግዳው ደግሞ የመጣው ሊማር ነው እንጂ ሊሠራ አይደለም። ይህንን ለመጠበቅ የእንግዳ እጆች ቢሮ የሚባል ቢሮ አለን። የቢሮው ሹም አቶ ደምመላሽ ናቸው። ሰው ሲያዝን አብረው የሚያዝኑ፣ ሲያዝኑም የጀመሩትን የማያቋርጡ ሰው ናቸው። አንድ ተማሪ ሐይቁን ተሻግሮ ሲገባ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን በትኩስ ሰም ይሸፍኑና ሰሙ ሳይደርቅ ማኅተም ያሳርፉበታል። ሥራ የሚሠራው በአውራ ጣት ነው ይላሉ፤ አውራ ጣት የሌለበት እጅ የሚችለው ማጨብጨብና መሰናበት ብቻ ነው። ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰሙ በሙቅ ውሃ ይነሣል፤ ተማሪው ሲወጣ እንደገና ይታሸጋል። እሑድ ቀን ትምህርት ስለሌለ እንደታሸገ ይውላል። ሰሙ ተሰንጥቆ ከተገኘ፣ ያ እጅ ሠርቷል ማለት ነው፤ የሠራ እጅ ደግሞ በማግስቱ ጀልባ ላይ ነው።

በግቢው ውስጥ ግን ጨርሶ ሥራ አይከለከልም። የባንዲራው እንጨት ጥላ ሃያኛው ድንጋይ ላይ እስኪደርስ ድረስ ተማሪው ግቢ መጥረግ ይችላል። ደመና ሲሆን ጥላ ስለሌለ መቼ ማቆም እንዳለበት አይታወቅም፤ ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ አይጠረግም።

ናምሩ የሚባለው ልጅ የመጣው የዛሬ አራት ዓመት ነው። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ባዶ የቀረችውን ክፍል አከራዩት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ቤት ሲገባ በመጀመሪያ ኮርኒሱን ሰላም የሚል የሚመስል ልጅ ነበር። ልጅ የምለው ከእኔ ስለሚያንስ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከመብል ነው። በታሸገ አውራ ጣት ቢጎርስ ሰሙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሰው ሊያጎርሰው ግድ ሆነ። የመጀመሪያውን ሳምንት እትዬ የሻረግ ብቻቸውን አጎረሱት። በሁለተኛው ሳምንት ወገባቸውን አመማቸው። በሦስተኛው ሳምንት የሠፈሩ ሴቶች ተራ አወጡ። ባለቤቴ ማንያህልሻል ረቡዕና እሑድ ደረሳት። ዓርብንም ከሌላ ሴት ተቀብላ ወሰደች።

«የሰው ልጅ እኮ ነው፤ ፊታችን ይራብ እንዴ?» አለችኝ።

«ትምህርት ቤት ምሳውን በልቷል» አልኳት።

«አንተም ሥራ ቦታ በልተህ ነው የምትመጣው። እራት ከልክዬህ አውቃለሁ?»

ልክ ነበረች። እራት ግን ሌላ ነው፤ ጉርሻ ሌላ ነው። እኔን ማንያህልሻል ያጎረሰችኝ የሠርጋችን ቀን ነው። በእርግጥ ሁለት ጊዜ አጉርሳኛለች፤ ሁለተኛው ግን ፎቶ አንሺው የመጀመሪያው አልወጣልኝም ስላለ ነው። ለዚህ ልጅ ግን ጠቅልላ፣ ከወጡ ደህናውን መርጣ፣ ሌላኛውን መዳፏን ከሥር ዘርግታ፣ «እንዳያቃጥልህ» እያለች ነው። እሱ «ናምሩዬ» ነው፤ እኔ «አንተ ሰውዬ» ነኝ። አንድ እሑድ እሱ እያኘከ እኔ ከወዲያ ተቀምጬ በራሴ እጅ እበላለሁ፤ በራሴ እጅ መብላት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

እትዬ የሻረግ አይተውኝ ነበር። «ሽበሺ፣ ፊትህ ሊያፈስ ነው መሰለኝ፤ ሳፋ ላምጣልህ?» አሉኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ካልሳቅኩ ሊታወቅብኝ ነው።

አሁን ስለ ቤታችን ጣራ መናገር አለብኝ። የጣራ ሠሪ ቤት ስለሆነ ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ልጣፍ ነበረበት። ዐሥራ አንዱም ልክ ከአልጋችን በላይ ነበር። ክረምት ሲገባ ሳፋው አልጋው ላይ፣ በእኔና በማንያህልሻል መካከል ይቀመጣል። አግብተን ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖናል፤ ከዚያ ውስጥ ዐሥራ አንዱን ክረምት ሳፋው አብሮን ኖሯል ማለት ይቻላል።

በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሳያባራ ማንያህልሻል ልጁን እኛ ቤት ልታበላው ይዛው መጣች። ጎረሰ። ቀና አለ። በተከፈተው የመኝታ ቤት በር ወደ ኮርኒሱ አየ። የሳፋው ድምፅ ይሰማል። ጆሮውን ወደ ኮርኒሱ አዘንብሎ «ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና ውሃው በዚያ አይደለም የሚገባው» አለኝ።

«ታዲያ በምን ይገባል? በበር?»

እጁን ሊዘረጋ አሰበ፤ ሰሙን አይቶ ተወው። በአገጩ ወደ ምድጃው በኩል፣ ወደ ጣራው አናት አመለከተ። «ከዚያ ይገባል። ከዚያ በወራጁ እንጨት ጀርባ ይጓዛል። እንጨቱ ላይ ጉጥ ሲያጋጥመው ይወርዳል። ጉጡ አልጋው ላይ ነው እንጂ ቀዳዳው አልጋው ላይ አይደለም።»

ማንያህልሻል የያዘችውን ጉርሻ አየር ላይ እንደያዘች እኔን ትመለከተኝ ጀመር። ዐሥራ አንድ ልጣፍ በአንድ አገጭ ፈረሰ። ዝናቡ ሲያባራ መሰላሌን አወጣሁና ዐሥራ ሁለተኛውን ልጣፍ ለጠፍኩ፤ ልክ ከሳፋው በላይ።

በማግስቱ አቶ ደምመላሽ ቦርሳቸውን አንግበው እትዬ የሻረግ ደጅ ቆሙ። ተማሪው ከግቢ ውጭ በአገጩ ሥራ እንደሠራ ጥቆማ ደርሷቸዋል። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ በሠፈሩ ይወራል። እኔ ነኝ።

አቶ ደምመላሽ ልጁን ጠየቁት፤ አገጩን ለኩ፤ እጅግ አዘኑ። ከአራት ቀን በኋላ ውሳኔው መጣ። አገጭ እጅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የሚያመለክት አገጭ የእጅን ሥራ ስለሚሠራ በዝናብ ቀን በሻርፕ መሸፈን አለበት። ከዚያ በኋላ ናምሩ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጥርሱን እንደታመመ ሰው አገጩን ጠቅልሎ ይሄድ ጀመር። የሚያጎርሱት ሴቶች ሻርፑን አንስተው ያጎርሱትና መልሰው ይሸፍኑታል። ማንያህልሻል ሰማያዊ ሻርፕ ሠራችለት። እኔ ክረምቱን ሙሉ ጣራ ላይ ስውል አንገቴ ባዶ ነው።

በአራተኛው ዓመት ትምህርቱን ጨረሰ። አንደኛ ወጣ አሉ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ደንብ ይጀምራል። የጨረሰ ተማሪ አንድ ዓመት በተማረው ሙያ እንዲሠራ ይፈቀድለታል፤ ሰሙም ይነሣለታል። ሰሙ የሚነሣው ግን በሚኖርበት ሠፈር ያለ የሙያው ባለቤት «ይህ ሥራ ከተማረው ትምህርት ጋር ይዛመዳል» ብሎ ወረቀቱ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍለት ነው። እስከዚያ ድረስ ዘጠና ጠጠር የያዘ ከረጢት ወገቡ ላይ ይታሰርለታል። በየጠዋቱ አንድ ጠጠር አውጥቶ በቢሮው ደጅ በተቀመጠው ሳጥን ውስጥ ይጥላል፤ ጠጠሩን የሚያወጣውም በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ ነው። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ጀልባው ይጠብቀዋል።

በሠፈራችን ያለው የሙያው ባለቤት እኔ ነኝ። ሌላ የለም።

ወደ እኔ የመጣ ዕለት ከረጢቱ ሙሉ ስለነበረ ብዙ አይንኳኳም ነበር። ወረቀቱን በብብቱ ይዞ መጣ፤ ቁጭ በል ብለውም አልቀመጥ አለ።

«ጋሼ፣ አንድ ዓመት ከሥርዎ ልሥራ» አለኝ። «መሰላል ልያዝ፣ ካትራሜ ላቅልጥ፣ ያሉኝን ሁሉ።»

«አራት ዓመት ተምረህ መሰላል ትይዛለህ? ለምን አገርህ ገብተህ ጌታ አትሆንም?»

ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። በመንደራቸው የዘር ጎተራ አለ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ዘሩን የሚያስቀምጥበት አንድ ትልቅ ጎተራ። ያፈሳል። በየዓመቱ ዘሩ ሳይዘራ እዚያው ጎተራው ውስጥ ይበቅላል፤ ሰዉም የበቀለውን እያየ ያለቅሳል። ናምሩን የላኩት ያንን ጎተራ እንዲደፍን ነው። «ግን እኛ አገርም ደንብ አለ» አለ። «አንድ ዓመት በባለሙያ ሥር ጣራ ላይ ያልሠራ ሰው ጎተራው ላይ አይወጣም። ከዚያ ላይ ወድቆ የሞተ አለ። እጄ ሠርቷል የሚል ወረቀት ሳልይዝ ብመለስ፣ አራት ዓመት አፍ ብቻ ሆኜ ተመለስኩ ማለት ነው።»

አሳዘነኝ። እውነቴን ነው፤ አሳዘነኝ። ግን በዚያው ሰዓት ማንያህልሻል ከጓዳ «ናምሩዬ፣ መጣህ?» ብላ ወጣች፤ ሐዘኔም ወጣ።

«ቀለሙ ደርቆብኛል፤ ሰኞ ና» አልኩት።

ሰኞ መጣ፤ ቀለሙን ሰው ተውሶብኛል አልኩት። በሌላው ሰኞ መጣ፤ ጣቴን ካትራሜ አቃጥሎታል አልኩት። እውነት ነበር፤ የተቃጠለው ግን የግራ ጣቴ ነው። ካትራሜ በየቀኑ ያቃጥላል። በመጣ ቁጥር ከረጢቱ እየላላ፣ ጠጠሮቹም እየተንኳኩ ይሰማሉ። ከደጅ ድምፁ ሲሰማኝ ስንት እንደቀረው እገምት ጀመር። ስልሳ። አርባ ምናምን። ከሠላሳ በታች ሲሆን ድምፁ ይቀጥናል።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ ማንያህልሻል አንድ ጠዋት፤ «ጣትህን ማሳረፍ ነው የጠየቀህ። ጉበትህን አልጠየቀህ።»

«ላስብበት እንጂ። በሐሰት ልመስክር?»

«ምኑ ነው ሐሰቱ? እሱ ጣራ ተማረ፤ አንተ ጣራ ሠሪ ነህ።»

«እሱ የተማረው ጠብታ ነው። እኔ የምሠራው ጣራ ነው። መዛመዱ መታወቅ አለበት።»

«አንተ የምትሠራው ሳፋ ነው» አለችና ወጣች።

የሄደችው አቶ ደምመላሽ ቢሮ ነበር። እዚያ ደርሳ፣ ባለሙያው መዛመዱን መወሰን ስላቃተው ቢሮው በፈተና ይወስን ብላ አመለከተች። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ቀርቦ ስለማያውቅ የሚከለክል ደንብም አልተገኘም። ፈተናው የሚደረግበትን ጣራ ራሷ መረጠች። የእኛን።

በከረጢቱ ሁለት ጠጠር ሲቀር፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ የሠፈሩ ሰው ግቢያችን ሞላ። አቶ ደምመላሽ ወንበር ቀርቦላቸው ተቀመጡ፤ ሙቅ ውሃ በሳህን አስመጡና የናምሩን ሰም አነሡ። አውራ ጣቶቹ ነጭ ሆነው ተጨማድደው ነበር። ልጁ አጠፋቸው፤ ዘረጋቸው፤ እንደገና አጠፋቸው። ከሰው ፊት እንደዚያ መሆኑ አሳፈረው መሰለኝ ወዲያው ሻርፑን ከአንገቱ አውልቆ መሬት ላይ ጥሎ መሰላሉ ጋ ሄደ።

መሰላሉ የእኔ ነው። እግሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ማንያህልሻል ሄደችና በሁለት እጇ ያዘችለት። ቀና ብላ እያየችው፣ አፏን ከፍታ፣ ግንባሯን እንደ ሕፃን ጨምድዳ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ መሰላል ወጥቼ ወርጃለሁ፤ አንድ ቀን ይዛልኝ አታውቅም። ልያዝልህ ብላ ታውቅ ይሆን ብዬ ሳስብ፣ አስታውሳለሁ፣ አንድ ጊዜ ብላኝ ነበር፤ «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» ብያት ነበር። በዚያ ሰዓት ግን አላስታወስኩትም።

ልጁ ጣራው ላይ ወጥቶ ልጣፎቹን አልነካቸውም። በጎናቸው አልፎ ወደ አናቱ ወጣ። በሆዱ ተኛ፤ ጉንጩን ቆርቆሮው ላይ አደረገ፤ በጥፍሩ እየጫረ ሚስማር ለሚስማር ሄደ። አንዱ ሚስማር ላይ ቆመና በጉጠት ነቀለው፤ ከሥሩ ያለችውን ክብ ጎማ አነሣና ለሰዉ አሳየ። ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። ከኪሱ ሌላ ጎማ አውጥቶ አስገባ፤ ሚስማሩን መልሶ መታ። አራት ጊዜ መታው። ወረደ።

«በቃ?» አሉ አቶ ደምመላሽ።

«በቃ ጌታዬ።»

ሦስት ሰዎች ዐሥር ባልዲ ውሃ አናቱ ላይ አፈሰሱ። ሁላችንም መኝታ ቤት ገብተን ባዶውን ሳፋ ከበን ቆምን። የአንድ ሰው መኝታ ቤት ያንን ያህል ሰው ሲይዝ አይቼ አላውቅም። ሳፋው ደረቅ ነው። እትዬ የሻረግ ጣታቸውን ገባ አድርገው ነኩት። «እርግጥ ነው፤ ደረቅ ነው» አሉ፤ ከዚያ እኔን ዞረው አዩኝና «ጉድ ነው ሽበሺ፤ ዐሥራ ሁለት ልጣፍ በአንዲት ጎማ» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ማንያህልሻል አልሳቀችም፤ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ኮርኒሱን ታያለች።

ወደ ግቢው ስንመለስ አቶ ደምመላሽ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «አቶ ሽበሺ፣ ጥያቄው አንድ ነው። ይህ ሰው አሁን የሠራው ሥራ እርስዎ ከሚሠሩት ሥራ ጋር ይዛመዳል?»

ናምሩ ወደ እኔ አየ። አውራ ጣቶቹን በሌሎቹ ጣቶቹ ውስጥ ደብቋቸው ነበር፤ ብርድ እንዳይነካቸው እንደሚያደርግ ሰው። ወገቡ ላይ ሁለቱ ጠጠሮች አሉ። አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅብኝ፤ ምላሴ ላይም ነበረች። ያን ጊዜ ማንያህልሻል ሻርፑን ከመሬት አንስታ አራገፈችና ትከሻው ላይ አደረገችለት።

«አይዛመድም» አልኩ። «እኔ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። አባቴም አልሠራም። ይህ የእኔ ሙያ አይደለም።»

ልብ በሉ፣ አንድ የሐሰት ቃል የለበትም።

አቶ ደምመላሽ አዘኑ። ያልኩትን ቃል በቃል ጻፉ፤ ጣቴን አሳረፍኩበት። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ከዚያ ሰሙን አቀለጡና የልጁን አውራ ጣቶች መልሰው አሸጉ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሠፈሩ በሙሉ እስከ ጀልባው ሸኘው። ሰው ሁሉ አቀፈው፤ እሱ ማቀፍ አይችልምና እንደ ቆመ ታቀፈ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ፈልጎኝ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ጋሼ» አለኝ፤ «ጎማዎቹ በሦስት ዓመት ይደርቃሉ። ያኔ ሁሉንም ይቀይሯቸው። ከአናቱ ይጀምሩ።»

«የጎተራውስ ነገር?» አልኩት፤ ለምን እንደጠየቅኩት አላውቅም።

«ይበቅላል» አለ። ጀልባው ላይ ወጣና እጁን አወዛወዘ። አውራ ጣት የሌለበት እጅ ይህን ይችላል ብያችሁ ነበር።

በዚያ ሳምንት ዘነበ። ጣራችን አላፈሰሰም። በማግስቱ የጎረቤቱ ሁሉ ሚስት ደጄ ላይ ቆመች። ልጣፍ የፈለገች የለችም። «የእናንተ ቤት እንደተሠራው ሥራልን» ነው የሚሉት። መጀመሪያ እምቢ አልኩ። ደግሞ አንድ ነገር ውስጤ ገባ። ያ ልጅ በአንዲት ጎማ ያንን ሁሉ ሰው መኝታ ቤቴ ውስጥ ካቆመ፣ እኔ በሃያ ስድስት ዓመት ልምድ ምን አላደርግ? እትዬ የሻረግ ጣራ ላይ ወጣሁ። ልጣፎቹን አልፌ ወደ አናቱ ሄድኩ፤ በሆዴ ተኛሁ፤ ጉንጬን ቆርቆሮው ላይ አደረግኩ። ሦስተኛው ሚስማር ላይ የደረቀች ጎማ አገኘሁ። የሰው ነገር አይገርምም? ደስ አለኝ። ከአባቴ ጋር ጣራ ላይ ከወጣሁበት ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለማን እንደምነግር ሳስብ፣ ልነግረው የምፈልገው ሰው ጀልባ ላይ ነው።

ስወርድ አቶ ደምመላሽ መሰላሉ ሥር ቦርሳቸውን ከፍተው ቆመዋል።

«አቶ ሽበሺ፣ ጥቆማ ደርሶኝ ነው» አሉ። ወረቀት አወጡ። የእኔ ጣት ያረፈበት ነው። «በራስዎ አንደበት ይህ የእኔ ሙያ አይደለም ብለዋል። ከሙያው ውጭ የሚሠራ እጅ፣ የአገር ልጅ እጅ ቢሆንም፣ እንግዳ እጅ ነው።»

«ታዲያ ወደ ልጣፌ ልመለሳ።»

«ልጣፍ የሚያሠራ ሰው ካገኙ ይንገሩኝ፤ በዚያኑ ቀን አነሣልዎታለሁ» አሉና በጣም አዝነው ሰሙን አቀለጡ። ትኩስ ሰም አውራ ጣት ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ከዚያ ይከብዳል፤ ከዚያ ይለመዳል። ያ ልጅ አራት ዓመት ሲታሸግ አንድ ቀን ትኩስ ነው ሲል አልሰማሁም።

ማን እንደጠቆመብኝ አልጠየቅኩም። ጠብታው የወረደበትን ሳይሆን የገባበትን ማየት አሁን ጀምሬያለሁና።

ያን ቀን ማንያህልሻል እራት አቀረበች። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መቼም አልዋሽም፤ ከሁሉ ነገር በፊት ያሰብኩት ጉርሻውን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቄ፣ አራቱን ዓመት ደግሞ ሌላ ሰው ሲጎርስ አይቼ፣ በመጨረሻ ደረሰኝ አልኩ። አፌንም ትንሽ ቀደም ብዬ ከፈትኩ መሰለኝ።

ሰማያዊው ሻርፕ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ልጁ ሲሄድ ትቶላት ነው። ወደ እሱ አየች፤ ወደ እኔ አየች። ተነሥታ ጓዳ ገባችና ተመልሳ ቁጭ አለች።

እስከ ዛሬ ድረስ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንድም ቀን ሳታጓድል ታበላኛለች። በማንኪያ።